ሰው ያደረበት ቤት

በሐዲድ ሠፈር ጠዋት ጠዋት ቀድሞ የሚናገረው ሰው ሳይሆን ግድግዳ ነው። «ደህና አደሩ፣ አቶ ያብስራ። ሌሊቱን ሁለት ሰው አድሯል። ቤትዎ ተጠብቋል» ይላል፤ በሴት ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ ከጨዋ ቤት እንደወጣች ልጅ። ያብስራ እግሩን ከአልጋው ያወርድና ወለሉን ይዳብሳል። ከደረቀ ተመስገን ይላል። ከረጠበ ሚስቱ ኤልዳና መጥረጊያ ታነሣለች፣ እሱ አካፋ ያነሣል፣ ሊሾው ላይ ሌሊቱን ያበበውን ነጭ ጨው ጠርገው ደጅ ይደፉታል። ቁርስ ከዚያ በኋላ ነው።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ነገር ሰዉ ቆጣሪ ይለዋል። ድሮ የመብራት ቆጣሪ በነበረበት ቦታ ስለገባ ስሙንም አብሮ ወረሰ። የሚቆጥረው ግን መብራት አይደለም፤ የሚተነፍስ ሰው ነው።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው ሐይቁ ነው። በሰቃ እንደ ሌላው ውሃ እየጮኸ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ አይመጣም። ከሥር ነው የሚመጣው። ዘንድሮ የጓሮው ጎመን ይጠወልጋል፣ ከርሞ ግንቡ ላብ ያወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ሳሎንህ ውስጥ ቆመህ አሣ ታያለህ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእሱ የተተረተ ይመስላል። በአያቶች ዘመን አስፋልቱን አሽሽተውለታል፣ የባቡሩንም መሥመር ነቅለው ሌላ ቦታ ዘርግተዋል። ሠፈሩ ስሙን ያገኘበት የድሮው ሐዲድ ዛሬ ውሃ ውስጥ ነው፤ ከላይ በቀረችው ቁራጭ ግንብ ላይ አንድ ትልቅ አዞ ፀሐይ ይሞቃል። ልጆቹ «የእድሩ ሰብሳቢ» ብለው ስም አውጥተውለት ነበር፣ እውነተኛው ሰብሳቢ ጋሽ ኪሩቤል ሰምተው እስኪቆጡ ድረስ።

ቆጣሪውን የሰቀለው የመድን ድርጅት እንደ ሌሎቹ መድኖች ሸሽቶ አልሄደም፤ በዚህ ይመሰገናል። ቤትህ ውስጥ ውሃ ከገባ በፈንታሌ ተራራ ግርጌ፣ ላይ ሠፈር በሚባለው ደረቅ መሬት፣ ቤት በቤት ይተካልሃል። ላይ ሠፈርን ከደጃቸው ቆመው ያዩታል፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ዓይን ይወጋል። መድኑ የሚጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ሐይቁ በሚያብጥበት በቀይ ወቅት፣ ቤቱ ውስጥ በየሌሊቱ ቢያንስ አንድ ሰው ይደር። አንዲት ሌሊት ባዶውን ያደረ ቤት ባለቤቱ ጥሎት እንደሄደ ይቆጠራል፣ ውሉም በዚያው ያበቃል። ቤታቸውን ዘግተው አዳማ ገብተው ምትክ የሚጠባበቁ ብልጦች ነበሩ አሉ፤ በእነሱ ጦስ ነው።

እንግዲህ ያብስራና ኤልዳና ይህ ውል ከመጣ ወዲህ በቀይ ወቅት አንድ ላይ ከቤት ወጥተው አምሽተው አያውቁም። ልጃቸው አዳማ ስትዳር እናቷ ሄደች፣ አባቷ ቀረ። ስትወልድ ደግሞ አባቷ ሄደ፣ እናቷ ቀረች። ሠርግም ይሁን ክርስትና፣ ጥሪ ሲመጣ በየቤቱ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ይቀራል?» ነው። አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ፍየሉን አልጋው ላይ አስሮ፣ ጋቢ አልብሶ፣ ዘመድ ሠርግ ሄደ። በማግሥቱ ሲመለስ ግድግዳው «ሌሊቱን አንድ ፍየል አድሯል። ቤትዎ አልተጠበቀም» አለው። ሰውየው ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ታሪኩ ግን ሠፈሩ ውስጥ አለ፤ መጀመሪያ ያስቃል፣ ቀጥሎ ዝም ያሰኛል።

ከሁሉ የከበደው ለቅሶ ነበር። በድሮው ወግ ሐዘንተኛ ሠልስት እስኪወጣ ብቻውን አያድርም። ወንዱ ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ፣ ሴቱ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ፣ ጎረቤት ከጎኑ ተኝቶ ያነጋዋል። እድሩ ተሰብስቦ ይህን በቀይ ወቅት ከለከለ። ንፍሮ ተቀምሶ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ ተብሎ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳን ይታጠፍ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይግባ ተባለ። ባሏን ቀብራ ብቻዋን ያደረች አንዲት ሴት ጠዋት ግድግዳው «ሌሊቱን አንድ ሰው አድሯል» ሲላት ትናንት ሁለት ይል እንደነበር አስታውሳ የጮኸችው ጩኸት እስከ አስፋልቱ ተሰምቷል። ቢሆንም ሕጉ አልተሻረም። ምን ይደረግ፣ ቤት ነው።

ያብስራ የዚህ እድር ጡሩምባ ነፊ ነው። ስሙን ሲያወጡለት የከተማ ሕፃን ስም ነበር፤ አሁን ስልሳን አልፎ፣ ራሱ ሸብቶ፣ ሰው ጋሽ ያብስራ እያለ ያከብረዋል። የነሐስ ጡሩምባውን ከአማቱ ነው የወረሰው። ማለዳ ተነሥቶ በየመንገዱ ይነፋል፣ ያረፈውን ሰው ስም ይለፍፋል፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ስልክ እያለ ጡሩምባ ለምን ይላሉ አንዳንዶች። ለዚያ ሠፈር ሰው ግን በስልክ የመጣ ሞት ወሬ ነው፤ ሞት የሚሆነው ጡሩምባ ሲነፋ ነው።

በጥቅምት አንድ ማለዳ ጋሽ ኪሩቤል ራሳቸው መጥተው በሩን አንኳኩ። እትዬ በፀሎት አርፈዋል።

እትዬ በፀሎት ማለት ከውሃው አፍ ላይ፣ የመጨረሻው ቤት ውስጥ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። ሥራቸው ለቅሶ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የማንም ቤት ይሁን፣ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው፣ ምንጣፉን የሚያነጥፉት እሳቸው፣ በመጨረሻ የሚወጡትም እሳቸው። ያብስራና ኤልዳና ናሆም የሚባል ወንድ ልጅ ነበራቸው። ሲሞትባቸው፣ ያኔ ቀይ ወቅት የሚባል ነገር ሳይመጣ፣ እትዬ በፀሎት ከኤልዳና ጎን አርባው እስኪወጣ ተኝተዋል። ኤልዳና ሌሊት ሌሊት ብድግ ስትል እጇን ይዘው መልሰው ያስተኟት ነበር። ምንም አይሏትም ነበር፤ እጇን ብቻ ነው የሚይዟት። ያብስራ ይህን ሊረሳ ቢፈልግም አይችልም።

ጋሽ ኪሩቤል የመጡት ለማርዳት ብቻ አልነበረም። ጡሩምባው እንዳይነፋ ሊያዝዙ ነው። ጡሩምባ ከተነፋ ሠፈሩ ሁሉ ይወጣል፣ ለበፀሎት ከወጣ ደግሞ አይመለስም፣ እኔ ሕዝቤን አውቀዋለሁ አሉ። በየቤቱ እየዞርክ በቀስታ ንገር፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይምጣ፣ ቀብረን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንግባ አሉት። ያሉት ሁሉ ልክ ነበር። ይህ ነው የሚያናድደው።

ያብስራ ያለ ጡሩምባው ወጣ። መጀመሪያ የደረሰበት ቤት ያለችው ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ ሰማችውና፣ ጡሩምባ አልሰማሁም፣ ጡሩምባ ሳይነፋ እንዴት ትሞታለች ብላ በሩን መልሳ ዘጋችበት። ሁለተኛው ቤት ያለው ምናሴ፣ ከማንም ጋር የማይገጥም ቆጥቋጣ ሰው፣ ነፍስ ይማር አለና ወደ ውስጥ ገባ። ሦስተኛው ቤት ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ ጠበቀው። በሹክሹክታ የምትቀበረው ምን ሆና ነው፣ ራሷን ነው እንዴ ያጠፋችው ብለው ጠየቁት።  እንዲያ ያለችን ሴት፣ እሱ በቀስታ ስለተናገረ ብቻ፣ ክፉ ስም ይዛ ልትቀበር ነው። ተመለሰ፣ ጡሩምባውን ከተሰቀለበት አወረደ፣ መንገዱ መሐል ቆመና ነፋው።

ሠፈሩ ወጣ። አንድ ሰው ከየቤቱ ማለት ቀረ፤ ባልም ሚስትም ወጡ፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ወጡ። ኤልዳናም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ያብስራን ለቀብሩ ሁለታችንም እንሂድ፣ ማታ አንዳችን እንመለሳለን አለችው። እሱም እሺ አለ። ማን እንደሚመለስ አልተነጋገሩም፤ በለቅሶ መሐል ማን እንዲህ ያለ ነገር ያወራል።

የቀድሞው መቃብር ሐይቅ ስለገባ ቀብሩ ፈንታሌ ግርጌ ነበር። በእግር ሩቅ ነው። ቀብረው ሲመለሱ ቀኑ ዘንበል ብሎ ነበር፤ ድንኳኑ ከእትዬ በፀሎት ቤት ግድግዳ ጋር ተያይዞ ተተክሏል፣ ንፍሮው ደርሷል። ስልክ እንደ ወጉ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ተጥሏል። በዚያ እድር ለቅሶ ቤት ስልክ ይዞ መግባት ነውር ነው። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ቤት ገቡ።

የሟች ዘመድ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። የእኅታቸው ልጅ ናት፤ ሲታመሙ ልታስታምም ከጅቡቲ የመጣች፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ማንጠግቦሽ ትባላለች። የዚያን ዘመን ወጣቶች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ይዘው ነው የተነሡት። በሠፈሩ ውስጥ ከአክስቷ በቀር አንድም የምታውቀው ሰው አልነበራትም።

ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ማዘንበል ስትጀምር ጋሽ ኪሩቤል ብድግ አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድንኳኑ ይታጠፍ ሊሉ እንደሆነ ሁሉም አውቋል። ይሄኔ ማንጠግቦሽ ከቤት ወጥታ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመች። ዓይኗ አብጧል። ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አባቶቼ፣ ሂዱ፤ ቤታችሁን ጠብቁ። አክስቴ ስለ ቆጣሪው ነግራኛለች። እኔ ብቻዬን ማደር አያስፈራኝም።»

ባትናገር ይሻል ነበር። ሂዱ ያለችው ለማስቀረት አልነበረም፣ ከልቧ ነው፤ እሱ ነው ሰዉን የያዘው። ማን ቀድሞ ይነሣ? ማን ነው ይህችን ልጅ እያየ፣ በበፀሎት ቤት፣ ጋቢውን አራግፎ በሉ ደህና እደሪ የሚለው? ያብስራ ጫማውን አየ። ጎኑ ያለውም ጫማውን አየ። ጋሽ ኪሩቤል እንደቆሙ ጥቂት ቆዩና፣ ያን ሕግ ያወጡት ራሳቸው፣ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። በቃ። ከዚያ በኋላ የተነሣ የለም።

ሰዉ ሞኝ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ወንድ በልቡ ሚስቴ ሄዳለች ብሏል። ያብስራም ብሏል። ኤልዳና ቆጣሪውን እንደ ታቦት የምትጠብቅ ሴት ናት፣ መቼም ይሄኔ ቤቷ ገብታለች ብሎ ልቡን አሳርፏል። ግድግዳው ወዲያ፣ ሴቶቹ መሐል፣ ኤልዳና የማንጠግቦሽን እጅ ይዛ ተቀምጣለች። የያብስራ ወገብ አግዳሚ ላይ አይተኛለትም፣ እሱ ቤቱ ገብቷል ብላ እሷም ልቧን አሳርፋለች። ወንዱ ሴቶቹ ያሉበት ገብቶ ሚስቴ አለች ወይ ብሎ አይጠይቅም። ሴቷም ወደ ድንኳን ብቅ ብላ ባሌን ጥሩልኝ አትልም። ለቅሶ ነው እኮ።

እናም ሐዲድ ሠፈር ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ድሮው አደረ። ሙሾ ወረደ። ያላለቀሱባቸውን ሙታን ሁሉ፣ ድንኳናቸው በጊዜ የታጠፈባቸውን ሁሉ፣ በበፀሎት ስም አለቀሱላቸው። ያብስራ ስለ ናሆም አለቀሰ፤ ከጎኑ ያለው ሰው እጁን ያዘው። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ዓመት እንዲያ ያለ እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም።

ሲነጋ የቤቱ በር ክፍት ነበር። ግድግዳው ተናገረ።

«ደህና አደሩ፣ ወይዘሮ በፀሎት። ሌሊቱን ሰባ ሦስት ሰው አድሯል። ቤትዎ ተጠብቋል።»

መጀመሪያ ሰዉን የቀፈፈው የሟች ስም መጠራቱ ነው። ከዚያ ቁጥሩ ገባው። አንድ ሽማግሌ ጣቱን እያጠፈ ድንኳኑን መቁጠር ጀመረና መሐል ላይ ተወው። ወንዶቹ አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ቤቱ በር አዞሩ። ሴቶቹ ጋቢና ብርድ ልብሳቸውን እንደታቀፉ መውጣት ጀመሩ፤ አንዷ ወጣች፣ ሌላዋ ወጣች፣ ማለቂያም የላቸው። ኤልዳና ደፉ ላይ ቆመች። ያብስራን አየችው።

«አንተ እዚህ ነህ?» አለችው።

«አንቺስ?» አላት።

 ወደ ቤታቸው ሮጡ። ለምን እንደሮጡ እነሱም አያውቁትም፤ ሌሊት በሩጫ አይመለስም። ወለሉ ደረቅ ነበር። በሩን ሲከፍቱ ግድግዳው በዚያው ትሕትናው ሌሊቱን ሰው እንዳላደረ፣ ውላቸው እንዳበቃ፣ እስካሁን አብረው ስለቆዩ መድኑ ከልብ እንደሚያመሰግን ነገራቸው። መንገዱን ይዞ በየቤቱ ይኸው ምስጋና ይሰማል። ውሉ ያልፈረሰበት፣ ትናንት ነፍስ ይማር ብሎ ወደ ውስጥ የገባው ምናሴ ብቻ ነበር። እሱና ሟቿ።

ያብስራ ከተማ ወዳለው የመድኑ ቢሮ ሄደ። ቢሮው ንጹሕ ነው፣ ውሃ የሚጠጣበት ብርጭቆ አለ፣ ሰው የለም። ያችው የግድግዳ ድምፅ ከጠረጴዛው ውስጥ አናገረችው። ያብስራ ከማለዳው ጀምሮ ሁሉንም ነገራት፤ ጡሩምባውን፣ ልጅቷን፣ አንዳችን እንመለሳለን መባባላቸውን። ድምፅዋ ሳታቋርጠው ሰማች። ከዚያ ሟች የቤተሰብዎ አባል ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ለቤተሰብ ሞት አንድ ሌሊት ይፈቀዳል።

«እኅቴ ናት» አለ ያብስራ። የዋሸ አልመሰለውም።

«በእኛ መዝገብ እኅት የለዎትም፣ አቶ ያብስራ።»

«ጎረቤቴ ናት እንግዲያው።»

«ለጎረቤት ሞት የተፈቀደ ሌሊት የለም። እናዝናለን። ሌላ የምንረዳዎ ነገር አለ?»

ያብስራ  ብርጭቆውን ጨልጦ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ሄደ። ሠፈሩ ባዶ እንዳደረ ስለታወቀ ካርታው ላይ ሰማያዊ ቀቡት። ሐይቅ ሆነ ማለት ነው፣ ገና ዶሮ እየተራመደበት። ሹፌር የሌላቸው ባጃጆች አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ፤ ከፊታቸው ደረቅ አቧራ ነው፣ እነሱ ግን ውሃ ውስጥ አልገባም ይላሉ። የታመመ ሰው በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ይወሰዳል። ኤልዳና አንድ ቀን ለስኳር በሽታዋ መድኃኒት ስታዝዝ አድራሻዎ ሐይቅ ውስጥ ነው፣ እባክዎ የብስ ላይ ያለ አድራሻ ይስጡ አሏት። ሳቀች። ሳቋ አላምር ሲላት አቆመች።

የእትዬ በፀሎት ቤት ከሁሉም ቀድሞ ሐይቁ ውስጥ ገባ። መድኑ ቃሉን ጠበቀ፤ ለማንጠግቦሽ ላይ ሠፈር ደረቅ ቤት ተሰጣት። ልጅቷ ጋሽ ኪሩቤል ጋ ሄዳ፣ የጠበቃችሁት እናንተ ናችሁ ብላ ቁልፉን ለእድሩ አስረከበችና ወደ ጅቡቲ ተመለሰች። አንድ ክፍል ቤት ነው። ለየትኛው ቤተሰብ ይሰጣል? ማን ይግባ፣ ማን ይቅር ቢባል የሚጣላው ብዙ ነው። በመጨረሻ የእድሩን ዕቃ አስገቡበት፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚዎቹን፣ የንፍሮውን ጎላ ድስት። ያብስራም ጡሩምባውን ወስዶ ሚስማር ላይ ሰቀለው።

አንድም ሰው የጡሩምባውን ነገር አንሥቶ አልወቀሰውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ጋሽ ኪሩቤል እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኙት ጤና ይስጥልኝ ብለው፣ ስለ ወገቡ ጠይቀው ነው የሚያልፉት። አንድ ቀን ከሰዓት አልቻለምና ኤልዳናን ፊት ለፊት ጠየቃት፤ አጠፋሁ ወይ አላት። ጨው እየጠረገች ነበር። መጥረጊያውን አላስቀመጠችም።

«ባትነፋ ኖሮ ፊትህን ማየት አልችልም ነበር» አለችው። «ነፋህ፤ ይኸው ቤት የለኝም። ምን ልበልህ እንግዲህ?»

እሱም አካፋውን አንሥቶ አገዛት።

በየካቲት ውሃው ደፋቸውን አለፈ። እንደ ልማዱ ነው፣ አልጮኸም። ቁርስ ላይ እያሉ ከበሩ ሥር ቀጭን ሆኖ ገባና ጠረጴዛው ሥር ተጠመዘዘ። ልጃቸው አዳማ ያላትን አንድ ክፍል ልታካፍላቸው ኑ ብላቸው ነበር። ዕቃቸውን አስፋልቱ ዳር አድርሰው ተመለሱ፣ የቀረው ሁለት ሻንጣና ቁልፉ ነው። ያብስራ ሻንጣዎቹን ይዞ ወጣ። ደጅ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ በውሃ ውስጥ ቆሞ ጠበቀ። ኤልዳና አልወጣችም።

ተመልሶ ቢያይ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ፍራሽ የለውም፣ ብረቱ ብቻ ነው። ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስቀምጣዋለች፤ ውሃው አንሥቶ ቀስ እያለ ያንሳፍፋቸዋል።

«ሂድ አንተ» አለችው፣ እንደ ማንኛውም ቀን። «እኔ እቀራለሁ።»

 ያብስራ ተራመደና ጫማዎቿን ከውሃው ለቅሞ ጨመቃቸው፣ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አደረገላት።

«ነይ ኤልዱ» አላት። «የሚቆጥረን የለም።»

ክንዱን ይዛ ተነሣች። አብረው ወጡ። በሩ ከውሃው የተነሣ አልገጥም ብሎ ነበር፤ ሁለቱም ገፍተው ቆለፉት።